መስመሩ በደጅ ሲያልፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ሲያልፍ ከመዲናዋ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚሴ ይገባል። ምሳውን ይበላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ወደ ኮምቦልቻም ይቀጥላል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ ዳር የተቀመጠች፣ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ያለው ሕዝብ ጉዳዩን ይዞ የሚመጣባት ከተማ ናት። ለአላፊ አግዳሚው ግን ማረፊያ ናት። የስልክ ሽቦውም፣ የኢንተርኔት ገመዱም ለብዙ ዘመን ያዩዋት እንደዚሁ መንገደኛ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ሲያልፉ።

ዛሬ ከሚሴ ውስጥ አንድ አባወራ ሳሎን ካለው ራውተር ሰማያዊ ኬብል ስቦ፣ በጓሮው ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ መሣሪያ ቢሰቅል ማንም እንደ ታሪክ አይቆጥረውም። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ያቺ ኬብል የምትሸፍናት ሃያና ሠላሳ ሜትር የአንድ ረጅም ጉዞ መጨረሻ ናት፤ ጉዞው ደግሞ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በራስ መኮንን እጅ ነው ይባላል። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ለዲፕሎማሲ ወደ ጣሊያን ሄደው ሲመለሱ መሣሪያውን ይዘው መጡ፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥትም ተተከለ። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ መሰማቱ ካህናቱን እንዳስደነገጠና የሰይጣን ሥራ እንዳሰኘ እስከ ዛሬ ይተረካል። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ጥቅሙ ወዲያው ገባቸው። ሹመኛን በሩቅ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችል ነገር ለንጉሥ ከመድፍ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1894 አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ተጀመረ፤ የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረውም ከዚያ ዓመት ነው።

የሰሜኑ መስመር የተከተለው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 አንድ የጣሊያን ኩባንያ ትግራይንና ኤርትራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 880 ኪሎ ሜትር ሽቦ ዘረጋ። ወሎን ሳይረግጥ ከትግራይ ሸዋ የሚደርስ ሽቦ የለም፤ ስለዚህ የወሎ ገበሬ ምሰሶውን አየ፣ ሽቦው በነፋስ ሲያፏጭ ሰማ፣ ቃሉ ግን ለእሱ አልነበረም። የዚያ ዘመን መስመር ጠላቶቹ ብዙ ነበሩ። ምስጥ ምሰሶውን ከሥሩ ይበላዋል፤ ሽቦውም እየተቆረጠ ለጌጥ ይውላል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚተርኩ ጸሐፊዎች አሉ። በማሳው መካከል ለሚያልፍ፣ እሱን ግን ለማያናግር ነገር ባለማሳው ሌላ ምን ጥቅም ሊያገኝለት ኖሯል?

ያለ ሽቦ የመነጋገር ነገር ለኢትዮጵያ የመጣው በ1920ዎቹ ነው። በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። አቃቂ ላይ ደግሞ አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ትልቅ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። መስከረም 1928 ዓ.ም. ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አሰሙ፤ ጣሊያን ባቆመው አንቴና ስለ ጣሊያን ወረራ ማስጠንቀቂያ ተላለፈበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች ከተማው ውስጥ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። ከደሴ በስተደቡብ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጨፋ ሰው ወሬውን የሰማው ከሽሽተኛና ከነጋዴ አፍ ሳይሆን አይቀርም።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ትቶ የሄደው ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰው፣ ጣርማ በርን በዋሻ የሰነጠቀው መንገድ ለከሚሴና መሰሎቿ አከርካሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው የመገናኛ መስመር በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ ምሰሶም ሆነ የተቀበረ ገመድ ከመኪና መንገድ አርቆ ማኖር ለጥገና አይመችም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ለስልክ ሥራ ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ ትናንሽ ከተሞች የስልክ ቤት ተከፈተ። በየቤቱ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ሲፈልግ ወደ ስልክ ቤቱ ደውሎ ሰው ያስጠራል፤ ተላላኪው ሰፈር ለሰፈር ፈልጎ ያመጣል፤ ተጠሪው በተባለው ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ከስልክ ቤቱ ዳስ ውስጥ የሚጮኸውን ሁሉ ወረፋ የያዘው ሰው ይሰማዋል። ልደትም፣ ሞትም፣ የእህል ዋጋም በአንድ መነጋገሪያ ያልፋል።

ወደ ኢንተርኔት ስንመጣ የአዲስ አበባው ጅምር ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አልወጣም ነበር። በ1980ዎቹ ውስጥ ፓዲስ የሚባለው የኮሚሽኑ ክፍል ኢሜይሎችን እያጠራቀመ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይልክ፣ የመጣውንም ይቀበል ነበር። እውነተኛው ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ፣ በእኛ 1989 ዓ.ም. ነው። የሚገርመው ግጥምጥሞሽ፣ በዚያው የፈረንጅ ዓመት የዓለም አቀፍ መሐንዲሶች ማኅበር ዛሬ ዋይፋይ የምንለውን ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ደረጃ አጸደቀ። ፍጥነቱ በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ 11 ሜጋቢት አደገና ዋይፋይ የሚለውን የንግድ ስም አገኘ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የሞባይል ስልክ ጀመረች። የዋይፋይ መነሻው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ለማይክሮዌቭ ምድጃና ለፋብሪካ መሣሪያ ተትቶ የነበረውን የሞገድ ክልል ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውል መፍቀዷ ነው። ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ትንሽ ጣቢያ ማቆም የቻለው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው። ነፋስ ስልክንና አቃቂን ያቆመው ግን መንግሥት ነበር።

ለከሚሴ ወጣት የመጀመሪያው ትልቅ ስክሪን ከገመድ አልመጣም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማየት ጀመሩ፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ወረዳኔት በሚባለው መረብ በጣሪያቸው ሰሃን ተክለው ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ ይሰበሰቡ ጀመር። ሰማዩ ከመንገዱ ቀደመ ማለት ይቻላል። ይሁንና ተማሪው የፕላዝማውን መምህር መጠየቅ አይችልም ነበር፤ የወረዳው ስብሰባም ለነዋሪው ክፍት አልነበረም። ያኔም መስመሩ አለፈ እንጂ አልገባም።

ወደ ኪስ የገባው ሞባይሉ ነው። ታወሩ ከተተከለ በኋላ ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚነዳው ነጋዴ ከመነሳቱ በፊት ዋጋ መጠየቅ ቻለ። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው የኢትዮጵያ ሚሊኒየም በባተ ሰሞን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በዛሬ ስሙ በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ወደ ክልሎች የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ የመደበኛ ብሮድባንድ ዋጋ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ እስከዚያ የባንክና የመሥሪያ ቤት ንብረት የነበረው የገመድ ኢንተርኔት ለቤተሰብም የሚታሰብ ነገር ሆነ። በ2015 መስከረም ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር የአንድ ኩባንያ ብቸኝነት አበቃ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ግቢ ይገባል።

የቴሌ ሠራተኛ ከምሰሶው ወይም ከፋይበር ሳጥኑ ገመድ ስቦ፣ ብዙ ጊዜ ሁዋዌ ወይም ዜድቲኢ የሆነ ራውተር ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ይሄዳል። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ችግሩ የግቢው አሠራር ነው። ፊት ለፊት የብሎኬት ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ ተከራይ ወይም ልጆች የሚኖሩባቸው የሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ከፊሉ ጭቃ፣ ከፊሉ ቆርቆሮ። የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ግን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ሳሎኑ መሀል የቆመው ራውተር ለጓሮው ተማሪ የለም ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዎቹ አክሰስ ፖይንት ይሉታል። ለብቻው የተሠራ መግዛት ይቻላል፤ አሮጌ ራውተርንም መለወጥ ይቻላል። ከዋናው ራውተር እስከ ሰርቪሱ ኬብል ይሳባል፤ ርዝመቱ መቶ ሜትር ድረስ ቢሆን ችግር የለበትም። የሁለተኛው አድራሻ ይቀየራል፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ሁለተኛው 192.168.1.2 ይሆናል። ለሚገናኙት ስልኮች አድራሻ የማደል ሥራው ይጠፋበታል፤ በአንድ ግቢ ሁለት አዳይ ከተገኘ ስልኮቹ ይምታታባቸዋልና። ኬብሉም ዋን ተብሎ በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ላን ከሚባሉት በአንዱ ይሰካል። ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ ካደረጉት፣ ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ ይሸጋገራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ዋንና ላን ላይ ነው፤ ኬብሉ ተሳስቶ ሲሰካ ሁለተኛው የራሱን ሌላ መረብ ይፈጥርና ጓሮ ያለው ኮምፒውተር ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ማየት ያቅተዋል።

የማስተካከያው ገጽ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሥራው በየቤቱ የልጆች ነው። በዚህ ዞን ደግሞ ነገሩ የራሱ መልክ አለው፤ አፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሚያነብ ፊደሉ እንግዳ አይሆንበትም። አያቱ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ መንዙማውን ደግሞ በዐረብኛ ፊደል የሚያነቡ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ግቢ፣ ሦስት ፊደል፣ አንድ ፓስወርድ።

የገመዱ ጥቅም በክፉ ጊዜ ታየ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ከሚሴ በሰሜኑ ጦርነት በታጣቂዎች እጅ ወድቃ፣ ኅዳር ማብቂያ ላይ በመንግሥት ኃይሎች ተይዛለች። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ አካባቢም ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይከፈት ቆየ። በክልሉ በአንዳንድ ቦታዎች ግን በገመድ የሚመጣው አልተቋረጠም። ስለዚህ ውጭ አገር ካለ ወንድም ጋር የሚነጋገር፣ ገንዘብ የሚልክ፣ ለፈተና የሚመዘገብ ሁሉ ዋይፋይ ያለበት ሆቴልና መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት ያዘ። ገመድ አልባው ዘመን ደረሰ በተባለበት ሰዓት ሰው ተመልሶ የገመዱን ጫፍ ፈለገ። ስለ ቴክኖሎጂ እድገት በታወር ቁጥር ብቻ የሚናገሩ ዘገባዎች ይህን አይነግሩም።

አሁን የቀረው ጣጣ የመጨናነቅ ነው። ዋይፋይ በብዛት የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ክልል እርስ በርስ የማይነካኩ ሦስት ቻናሎች ብቻ አሉት፤ 1፣ 6 እና 11። በዋናው መንገድ ዳር ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ፎቶ ቤቱና መኖሪያ ቤቱ ራውተራቸውን እንደተገዛ ሲተዉት በአንድ ቻናል ሊገጣጠሙና ሊናነቁ ይችላሉ፤ ከዚያ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው ተብሎ የሚወቀሰው ቴሌ ነው። ጎረቤት 6 ላይ ከሆነ ሳሎኑን 1 ላይ፣ ጓሮውን 11 ላይ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አምስት ጊጋኸርትዝ የሚባለው ክልል ሰፊ ቻናል አለው፣ ነገር ግን የብሎኬት ግድግዳ ይከብደዋል፤ ለሳሎኑ ቴሌቪዥን ይሆናል፣ ለሰርቪሱ ክፍል ግን ያቺው ኬብልና ሁለተኛው መሣሪያ ናቸው የሚያዋጡት።