የኮምፒዩተር ሞክሼዎች

በአንድ ክፍል ሁለት ሞክሼ ተማሪዎች ሲገኙ እኛ መምህራን የአባት ስም እንጨምራለን። የኮምፒዩተር ሰዎችም ይኸው ችግር ገጥሟቸዋል። ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት ላይብረሪ በዲስክ ላይ በአንድ ቅጂ ስለሚቀመጥ ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ላይብረሪው ሲለወጥ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ምን ይሁኑ?

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሳንኦኤስ 4.0 በላይብረሪው ስም ጫፍ ሁለት ቁጥሮች አስከተለ። የመጀመሪያው የሚያድገው ለውጡ ነባር ፕሮግራሞችን የሚያሰናክል ሲሆን ነው፤ ሁለተኛው ለጭማሪ ነው።

በ1997 ሊኑክስ የሲ ላይብረሪውን ከ5 ወደ 6 ሲያሸጋግር ግን ቁጥር ብቻውን አልበቃም። ሁለቱ የሲ ላይብረሪዎችስ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ያስቸገሩት እነርሱን ተደግፈው የተሠሩት ናቸው። የኤክስ መስኮት ላይብረሪዎች ለ5ም ለ6ም ተሠርተው ሳለ ስማቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነበር! አሮጌ ፕሮግራም ሳያውቅ አዲሱን ቢያነሣ፣ 5ና 6 በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይገናኙና ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ወደ ተለየ ዳይሬክቶሪ ተዛወሩ፤ ይኸውም የአባት ስማቸው እንኳ አንድ የሆነ ሞክሼዎችን በክፍላቸው እንደምንለየው ነው።

የሲ ላይብረሪው ቁጥር በተለመዱት የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ዛሬም 6 ነው። ያንን ዝውውር ሁለተኛ ለመድገም የደፈረ የለም።