የመጽሐፍ ጠባቂ በሰው አገር

በሉማሜና በአካባቢዋ ባሉ አድባራት፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ነው፤ ጠባቂውም የደብሩ ሰው ነው። ዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ግን በአገራችን ሲደራጅ የባዕዳን እጅ በብዙ ገብቶበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ፣ ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ ደግሞ ሩማንያ ተወልደው እንግሊዝ ያደጉት ሪታ ፓንክኸርስት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊነት ይዘዋል። ባዕድነታቸው ከሹመት አላገዳቸውም።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ግን ተወላጁም ቢሆን እንደ ባዕድ የሚቆጠርበት ቦታ ነበር። ኢ. ጄ. ጆሲ በጆርጂያ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳሉ፣ ጥቁር በመሆናቸው ብቻ የግዛቱ የሙያ ማኅበር አባልነት ተከልክለዋል። በ1964 በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ የማኅበሩ ሹማምንት ጥቁሮችን ከሚያገልሉ የግዛት ማኅበራት ስብሰባ እንዳይካፈሉ የሚያግድ ውሳኔ አስወሰኑ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደዚያች አገር የገቡት በ1976 ነው። የሸንኮራ ተወላጅ ሲሆኑ በካይሮና በጀርመን ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1975 ሊይዟቸው ቤታቸው ድረስ የመጡ የደርግ ወታደሮች በተኮሱት ጥይት ቆስለው ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ሥራ ያገኙት በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል፣ በሂል የገዳማት ብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች፣ በጠቅላላው ከ9,000 በላይ የሆኑት፣ አንድ ቅጂያቸው ወደዚያ ይላክ ነበር። መጻሕፍቱ ከሰውየው ቀድመው ተሰደዋል ማለት ይቻላል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ ሰው ማውጫ አዘጋጅ ሲሆን ከደረጃ የወረደ ይመስላል። ስደተኛ ባለሙያም ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ለገዛ ቋንቋው ክፍል ብቻ ነው፤ ነገሩ ክብርም አጥርም ነው። ጌታቸው በዚያ አጥር ውስጥ ሆነው ፊልሙን ገጽ በገጽ እያነበቡ፣ የመጽሐፉን ይዘት፣ ከጽሕፈቱ መልክና ከተጠቀሱት ነገሥታት ስም ዘመኑን፣ በኅዳጉ የሰፈረውን የርስትና የስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር መዘገቡ። የብራና ማውጫ ለማዘጋጀት ፊደል መለየት ብቻ አይበቃም፤ ድርሳኑን ከገድሉ፣ ቅኔውን ከመልኩ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ትምህርት የሚገኘው ከአብነት ትምህርት ቤት እንጂ ከቤተ መጻሕፍት ሙያ ኮሌጅ አይደለም። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። ዛሬ የግዕዝ መጻሕፍትን የሚያጠና ምሁር፣ ሮማም ይኑር ሐምቡርግ፣ ከነዚያ ብራናዎች አንዱን ሲጠቅስ የሚጠራው በማውጫው ቁጥር ነው።