አገር ስጠኝ፤ ስለ ላስታ ጥንታዊ የቃል ፈጠራ ልማድ

በላሊበላ ከተማ፣ ዮርዳኖስ ተብሎ ከተሰየመው ወንዝ ማዶ ባለው የአብያተ ክርስቲያናት ክፍል፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር፣ ከአለቱ ሆድ የተፈለፈለ ጠባብ መንገድ አለ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ስለሚባልም ተሳላሚው መብራት ሳያበራ፣ እጁን በግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ በፍጹም ጨለማ ውስጥ ያልፍበታል። በዚያ ሲያልፉ ዓይን ከንቱ ይሆናል፤ የሚቀረው ከፊት የሚሄደው ሰው ድምፅ ብቻ ነው። «ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እዚህ ላይ መሬቱ ጎድጎድ ይላል፤ አይዞዎት፣ ግድግዳውን አይልቀቁ» እያለ ይመራል፤ የሚከተሉት አሮጊት እንደ ሆኑ ቃሉንም እርምጃውንም ያዘገያል፤ ሕፃን ካለ ጨዋታ ይጨምርበታል፤ አንዱ ደንግጦ ቆም ያለ እንደ ሆነም ለዚያ ሰው የሚስማማ ሌላ ቃል እዚያው ይፈልጋል። መንገዱ ለሁሉ አንድ ሲሆን፣ አመራሩ ግን ከተከታዩ ትንፋሽና ከእግሩ ኮቴ የሚወለድ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የተነገረው ነገ እንዳለ አይደገምም።

ይህን ማንሣቴ በባሕር ማዶ በዘመናችን እጅግ የተስፋፋ አንድ ጨዋታ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የደረሱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ታትሞ ወጣ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ሰው «ደንጀን ማስተር» ተብሎ መሪ ይሆንና ጨለማውን ዋሻ፣ የተዘጋውን በር፣ በውስጡ የተኛውን ዘንዶ በቃሉ ይሠራል፤ ሌሎቹም ወታደር ወይም ጠንቋይ ወይም ሌባ ሆነው «በሩን እገፋለሁ»፣ «ዘንዶውን አነጋግረዋለሁ» ይሉታል፤ መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል፤ መሪውም የወጣውን ዕጣ ተቀብሎ ታሪኩን ከዚያ ይቀጥላል። ከዚህ ጨዋታ መታተም 5 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ሰው፣ ብራውንስታይን ብሎ በሰየማት ምናባዊ ከተማ ጓደኞቹን ሊያዋጋ በብዙ ድካም አሰናድቶ ሳለ፣ እነርሱ ውጊያውን ትተው እርስ በርሳቸው መደራደርና መዶለት ስለ ጀመሩ፣ መሪው ያላሰበውን ሁሉ እዚያው እየፈጠረ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ጨዋታዬ ተበላሸ ብሎ ሲያዝንም ተጫዋቾቹ እንዲደገምላቸው ለመኑት። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል ብዙ ሰው በአንድነት የሚገባበትን፣ ከጽሑፍ በቀር ሥዕል የሌለበትን ዓለም በኮምፒዩተር ላይ ሠሩ፤ ዛሬም በኢንተርኔት አማካይነት፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ አንዱ ሌሊት ሌላው ቀን በሆነበት ሰዓት፣ በአንድ መሪ ቃል አንዱን ዋሻ አብረው ይዞራሉ።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት በዚያው በ1978 ነው። ያ ጨዋታ ከእኛ ተወሰደ ለማለት አላስብም፤ ነገር ግን የዌስሊን ነገር በሰማሁ ጊዜ፣ አንድ ሰው ያልመረጠውን ነገር ከሌላው እጅ ተቀብሎ እዚያው ዓለም የሚሠራበት ጥበብ በላስታ ደጋ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ፣ ታሪኩም ምን ያህል ጥቂት እንደ ተጻፈለት አስቤ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ከአለቱ ልጀምር። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠበት በሮሐ ምድር፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ የቆሙት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት ወደ ላይ የተገነቡ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን የወቀረው ጠራቢ ጣሪያውን ሳይጨርስ ዓምዱን አልነካም፤ አንድ ጊዜ የተፈነከተውንም ድንጋይ መልሶ ሊያስገባው አልቻለም። አለቱ ስንጥቅ ሲያሳየው ከስንጥቁ ጋር መስማማት፣ መዶሻው ሲያልፍበትም ስሕተቱን ወደ ጌጥ መለወጥ ነበረበት፤ ተቀብሎ መፍጠር ማለት ይህ ነው። ገድሉ ቀን ሰዎች የሠሩትን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ያሳድሩት ነበር ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ያየሁትን ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ ፈርቶ እውነቱን ስለ መናገሩ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ስያሜው ነው፤ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ ኮረብታውን ደብረ ዘይት፣ ቤቱን ጎልጎታ፣ ሌላውን ደብረ ሲና ብሎ የሰየመ ሰው፣ የላስታን ጭንጫ ኢየሩሳሌም አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ተሳላሚ ሁሉ በዚያ ስም ውስጥ ይራመዳል። በልደት በዓልም፣ ታኅሣሥ 29፣ ካህናቱ ከፊሉ በቤተ ማርያም ዙሪያ በአለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሉ በታች በቅጽሩ ውስጥ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ፣ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ሆነው እርስ በርስ ይቀባበላሉ።

ይህ የቤተ ክህነቱ ነው፤ በየቤቱ ምድጃ ዳር ያለው ግን ከሁሉ የሚቀርበኝ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚቆምበት በዚያ ብርዳም አገር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ያልቃል፤ እሳቱ ይቆሰቆሳል፣ ገብሱ በምጣድ ይንጣጣል፣ ጥጃው በቤቱ ማዕዘን ያመሰኳል። ያን ጊዜ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ተብሎ ይመለሳል፤ ይህም ምላሽ ሰሚው ሁሉ ለጨዋታው ኪዳን የሚገባበት ቃል ነው። ተረቱ ሲያልቅ ግን እንቆቅልሽ ይጀመራል። «እንቆቅልህ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ተጠያቂው፤ ፍቺው የጠፋበት እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ደስ ካላለው አልቀበልም ይላል፤ ሌላ ይጨመርለታል፤ በመጨረሻ የወደደውን ተቀብሎ በዚያ አገር ያለው መልካም መልካሙ ለእኔ፣ ክፉ ክፉው ላንተ ብሎ ከፈረደ በኋላ ነው ፍቺውን የሚገልጠው።

በእኛ ቤት ግን ነገሩ በዚህ አይበቃም ነበር። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገር የተቀበለ ሰው ወደ አገሩ ሳይሄድ አይተኛም የሚል ሕግ ነበራቸው፤ ተቀባዩ በቅሎውን ጭኖ ከደጃችን ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በአዳሪ ቤት አድሮ፣ የተሰጠው አገር እስኪደርስ ያየውን ሁሉ መናገር ይገባዋል። የተቀረውም ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተከዜ ሞልቷል፣ በምን ትሻገራለህ?» ይላል አንዱ፤ «ሽፍታ ከፊትህ ወጣ» ትላለች ሌላዋ፤ መንገደኛውም መሻገሪያውን ወይም ለሽፍታው የሰጠውን መልስ እዚያው መፍጠር አለበት። በሰባት ዓመቴ ጎንደርን ተቀብዬ፣ ተከዜ ዳር ስደርስ ወንድሜ የወንዙን ሙላት ቢያመጣብኝ፣ ብዙ ካሰብሁ በኋላ «ክረምቱ እስኪወጣ እዚህ ገበሬ ቤት ተቀጥሬ አርሳለሁ» ብል፣ አያቴ እጃቸውን አጨብጭበው «ይኸ ልጅ መንገድ ያውቃል» ያሉት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

የሚሰጡትን አገሮች ልብ ብሎ ለሚሰማ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ያልተጻፈ የታሪክ መዝገብ ነው። አያቴ ከልጅነታቸው ያቆዩዋቸው አገሮች ጎንደር፣ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ከፍ ሲልም ኢየሩሳሌም ነበሩ፤ በእናቴ ዘመን አዲስ አበባና አሥመራ ገቡ፤ የእኅቴ ልጆች ዛሬ አሜሪካን ካልሰጧቸው ፍቺውን አይናገሩም። የሰው ልብ በየዘመኑ ወዴት እንደ ተመኘ ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ምን ጽሑፍ እንዳለ አላውቅም።

ከምድጃው ወደ ጉባኤው ስንወጣ ይኸው ጥበብ ወደ ታላቅ ሥርዐት ያድጋል። ከላስታ በስተ ደቡብ ያለው ዋድላ፣ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር፣ በቅኔ ስልቱ ስሙ የተጠራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በለመናት ቁራሽ እያደረ፣ ግሱንና አገባቡን ከተማረ በኋላ፣ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ በጥሻና በድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ በየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ወይ ያቀኑለታል፣ ወይ በአንዲት ቃል ያፈርሱበታል። ጉባኤ ቃናው 2 ቤት፣ ዘአምላኪየው 3፣ ሥላሴው 6፣ መወድሱ 8 ቤት ነው፤ የዜማው ልክ አይላወስም፤ ሰሙ ከወርቁ መስማማት አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ ጉባኤውን ሁሉ የሚያስፈራ አንድ ሕግ አለ፤ የተነገረ ቅኔ ዳግመኛ አይነገርም። የትናንቱን ዛሬ ያመጣ፣ የሌላውንም የራሱ አስመስሎ የተናገረ፣ በሊቃውንቱ ዘንድ እንደ ሌባ ይቆጠራል።

በማኅሌት ሌሊት ነገሩን በቅርብ ላየ ሰው የቅኔው ዘረፋ ምን ያህል የሁለት ሰው ሥራ እንደ ሆነ ይገለጥለታል። ባለቅኔው መቋሚያውን ተደግፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የመጀመሪያውን ሐረግ ሲሰጥ፣ ተቀባዩ በጎላ ድምፅ ያነሣዋል፤ ባለቅኔውም በዚያች ዜማው በሚረዝምባት ጊዜ ውስጥ የሚቀጥለውን ሐረግ ያደላድላል። ተቀባዩ ጆሮው የተባ ካልሆነ ቅኔው አንካሳ ይሆናል፤ የተባ እንደ ሆነ ግን ባለቅኔው ያልደፈረውን ይደፍራል። ምሥጢሩ ሲገለጥም ከቅኔ ማኅሌቱ «ይበል! ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ያን ዕለት የሚነገረው የበዓሉን ምሥጢር፣ የዕለቱን ምስባክ፣ አንዳንድ ጊዜም ከፊት የቆመውን እንግዳ ወይም በዚያ ሳምንት የደረሰውን ኀዘን መንካት ስላለበት፣ ባለቅኔው ምን እንደሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ አያውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የቀደምትን ቅኔ ሰብስበው በማሳተማቸው ብዙ ነገር ከጥፋት ድኗል፤ ሆኖም በመጽሐፍ የተገኘው ቅኔው እንጂ ሌሊቱ አይደለም፤ ማን እንደ ተቀበለው፣ ባለቅኔው በየትኛው ቃል ላይ እንደ ተንቀጠቀጠ፣ የኔታ ምን ብለው እንዳቀኑት የሚነግረን የለም። ሊቃውንቱ አንደግምም ማለታቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዋጋው ከባድ ሆኗል።

ሦስተኛውን ወገን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሕዝቡ ላሊበሎች ወይም ሐሚና እያለ የሚጠራቸው፣ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየቆሙ፣ ባልና ሚስት ድምፃቸውን አዋሕደው የሚያዜሙና የሚመርቁ ሰዎች አሉ፤ ማዜሙን ብንተው ደዌ ይወርድብናል ከሚል ከአባት ከወረሱት እምነት የተነሣ ልማዱን ለልጅ ያወርሳሉ። ወደ አንድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ ልጅ መውለዱን፣ ኀዘን መግባቱን ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ያችን የተሰጠቻቸውን ስም ይዘው፣ ባለቤቱ በእንቅልፍ ልቡ ሳለ፣ ከዜማው ጋር እየፈተሉ ያወድሱታል፤ ደጁ ዘግይቶ የተከፈተ እንደ ሆነ ቃሉ ይጠነክራል፤ እጅ የተዘረጋ እንደ ሆነም ወደ ምርቃት ይለወጣል። በልመናቸው ምክንያት የናቋቸው ብዙዎች ናቸው፤ በጨለማ ቆሞ፣ የማያየውን ሰው፣ አሁን በሰማው ስም ብቻ መዘመር ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያስተዋሉት ግን ጥቂት ናቸው።

አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። አንድ ማታ፣ ለዕረፍት ከትምህርት ቤት በመጣሁ ጊዜ፣ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች የሚሠራ ቤት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ማንም የላስታ ሕፃን የሚፈታውን ይህን እንቆቅልሽ አላወቅሁትም አሉ። «እንግዲያውስ አገር ይስጡኝ» አልኋቸው። ጎንደርን ሰጡኝ፤ አልቀበልም አልሁ። ሸዋን ሰጡኝ፤ እሱንም እንቢ አልሁ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ላስታን ሰጥቼሃለሁ» አሉ። የተቀመጥሁበትን አገር ተቀብዬ ወዴት እንደምሄድ ግራ ገብቶኝ ዝም ብል፣ በምርኩዛቸው እግሬን ነካ አድርገው «ተነሣ እንጂ፤ በቅሎህን ጫን። ደጁን ስትወጣ ምን አየህ?» አሉኝ።

እኔም «ጨለማ ነው፤ ግን የአሸተን ማርያም ተራራ ጥላው ይታየኛል» ብዬ ጀመርሁ።