ሽማግሌው ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም
የኢግቦ ሕዝብ የአዲስ ቦዬ በዓልና ታሪኩ

በአሜሪካ የምግብ መደብሮች «ያም» እየተባለ የሚሸጠው ብርቱካናማ ሥራሥር በእውነቱ ስኳር ድንች ነው። ስሙ ግን ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰደ ነው። እውነተኛው ያም በወላይታና በጋሞ ገበሬ ዘንድ «ቦዬ» የሚባለው ተክል ዘመድ ነው። ከጎደሬ ጋር መምታታት የለበትም። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻካራ፣ ውስጡ ነጭ ነው፤ ሐረጉ በእንጨት ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፤ አንዱ ብቻውን ብዙ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በአገራችን ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ውጭ እምብዛም የማይታወቀው ይህ ተክል፣ በምዕራብ አፍሪካ ግን የሕዝብ የዘመን መቁጠሪያ፣ የሀብት መለኪያና የሕግ መሠረት ሆኖ ኖሯል።

የቦዬ ምድር የሚባለው ከአይቮሪ ኮስት አንስቶ በጋና፣ በቶጎ፣ በቤኒንና በናይጄሪያ አልፎ እስከ ካሜሩን የሚዘልቀው አካባቢ ነው። ከዓለም ምርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከናይጄሪያ ብቻ ነው። ተክሉ ከሌላ አህጉር የመጣ አይደለም። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣ የዘር ምርምር፣ ነጩ ቦዬ ከዱር ወደ ማሳ የመጣው በኒጀር ወንዝ አካባቢ መሆኑን አመልክቷል። አፍሪካዊ ገበሬ ከጫካ አውጥቶ ያለማው ምግብ ነው ማለት ነው።

በኦገስት ወር ወደ ኢግቦ ምድር፣ ወደ ኦኒቻ፣ ወደ ኤኑጉ ወይም ወደ ኦዌሪ የሚዘልቅ እንግዳ የሚደርሰው የአዲሱ ቦዬ በዓል በሚከበርበት ወቅት ነው። በዓሉ «ኢሪ ጂ» ወይም «ኢዋ ጂ» ይባላል። «ጂ» ማለት ቦዬ ነው። እያንዳንዱ ከተማና መንደር የራሱ ቀን ስላለው፣ በዓሉ በአንዱ ሲያበቃ በሌላው ይጀምራል።

የበዓሉን ክብር ለመረዳት በቅድሚያ የእርሻውን ድካም ማወቅ ያስፈልጋል። ገበሬው አፈሩን እየቆለለ ጉብታ ይሠራል፤ በየጉብታው አንዳንድ ዘር ይቀብራል፤ ሐረጉ ሲወጣ በእንጨት ይደግፈዋል፤ ወራት ሙሉ ያርማል። ምርቱን ሲያወጣም በጥንቃቄ ነው፤ የቆሰለ ቦዬ ይበሰብሳልና። ከዚያ በኋላ በተተከሉ ቋሚ እንጨቶች ላይ አንድ በአንድ እያሰረ፣ «ኦባ» በተባለው ነፋሻ ጎተራ ያኖረዋል። የሰው ሀብት የሚለካው በዚህ ጎተራ ስፋት ነበር። ብዙ ያመረተ ሰው «ኤዜ ጂ»፣ ማለትም «የቦዬ ንጉሥ» የሚል ማዕረግ ይሰጠው ነበር። ቦዬ መስረቅ ደግሞ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቁም ነገር አለ። የቦዬ ዘሩ ራሱ ቦዬው ነው። እንደ ጤፍ ጥቂት ቁና አስቀርቶ ብዙ ማሳ መዝራት አይቻልም። ገበሬው ከምርቱ ሩቡን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀረት አለበት። ዛሬ ሁሉን የበላ በሚቀጥለው ዓመት የሚተክለው የለውም። ሳይደርስ የተነቀለም እንዲሁ ይባክናል። ስለዚህ ሕዝቡ ሆዱን የሚገታበት ሕግ አበጀ። ይኸውም በዓሉ ሳይከበር፣ ሽማግሌው ወይም የመንደሩ አለቃ ሳይቀምስ፣ ማንም አዲሱን ቦዬ እንዳይበላ ነው።

በዓሉ ከመድረሱ በፊት የአሮጌው ዓመት ቦዬ ተበልቶ ያልቃል ወይም ይጣላል። በዕለቱ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የበላይ የሆነው ሰው ቦዬውን ይዞ ለፈጣሪና ለአባቶች ምስጋና ያቀርባል፤ በቢላ ቆርጦ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይቀምሳል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሕዝብ የተጠበሰውን ቦዬ በዘንባባ ዘይት እያጠቀሰ ይበላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ተቀቅሎ በሙቀጫ ይወቀጥና እንደ ገንፎ ሆኖ በወጥ ይቀርባል። ጭምብል የለበሱ ጨፋሪዎች ይወጣሉ፤ ከበሮ ይመታል፤ በሩቅ ከተማ የሚኖሩ ልጆች ወደ ትውልድ መንደራቸው ይመለሳሉ።

ይህ ሥርዓት ሦስት ታላላቅ ፈተናዎችን አልፏል። የመጀመሪያው የባሪያ ንግድ ነው። በ1699 ወደ ኒው ካላባር የተጓዘው ነጋዴ ጄምስ ባርቦት፣ አምስት መቶ ሰው የሚጭን መርከብ ከመቶ ሺህ በላይ ቦዬ መሰነቅ እንዳለበት ጽፏል። ገበሬው በክብር ያመረተው ምግብ፣ የገዛ ወገኑን በሰንሰለት አስሮ ለሚወስደው መርከብ ስንቅ ሆነ። በአሜሪካ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱም ስኳር ድንች ላይ ተለጥፎ።

ሁለተኛው የእንግሊዝ አገዛዝና የሚሲዮን ዘመን ነው። ሚሲዮናውያን ኦኒቻ የገቡት በ1857 ነበር። ቺኑዋ አቼቤ በ1964 ባሳተመው «የእግዚአብሔር ቀስት» በተባለው ልብ ወለድ ይህን ግጭት በግሩም ሁኔታ አሳይቷል። በመጽሐፉ ውስጥ የመንደሩ ካህን በየወሩ አንድ የተቀደሰ ቦዬ እየበላ ዘመን ይቆጥራል። እንግሊዞች ሲያስሩት ሁለት ወር ያልፈዋል፤ ሲመለስም ያልተበሉትን ቦዬዎች በአንድ ጊዜ በልቶ በዓሉን ለማወጅ እምቢ ይላል። ሕዝቡ ምርቱ ከመሬት ሳይወጣ ሊራብ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን «ወደ እኔ አምጡ» ትላለች። ሕዝቡም ሄደ። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም የዘመኑን እውነት ይዟል። ይሁንና በዓሉ አልጠፋም፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በክርስቲያናዊ ጸሎት ተባርኮ ይከበራል።

ሦስተኛውና መራራው የቢያፍራ ጦርነት ነው። ከጁላይ 1967 እስከ ጃንዋሪ 1970 በቆየው ጦርነት፣ ቢያፍራ በየብስና በባሕር ተከበበች። በሜይ 1968 ፖርት ሃርኮርት ስትወድቅ የባሕር በሯ ተዘጋ። ቁጥሩ ቢያከራክርም፣ ብዙዎች በረሃብ ያለቀውን ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገምቱታል፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። በኦገስት 1968 ተፋላሚዎቹ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሊቀ መንበርነት ለድርድር ተቀመጡ። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩም በአካል መጥተው ነበር። የእርዳታ እህል በየብስ ይግባ ወይስ በአየር በሚለው ጭምር ሳይስማሙ ተለያዩ። ያ ወር በኢግቦ ምድር አዲሱ ቦዬ የሚቀመስበት ወር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ስለ እርዳታ እህል ሲከራከሩ፣ የምስጋናው ማዕድ ባዶ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ በኦዌሪ ዓመታዊ የምሁራን ንግግር ተመሠረተ። ስሙንም «አሂያጆኩ» አሉት፤ የጥንቱ የቦዬ አምላክ ስም ነው። ዓላማው የኢግቦን ታሪክ፣ ቋንቋና አስተሳሰብ መመርመር ነው። ተሸንፎ የተመለሰ ሕዝብ ራሱን እንደገና ሲያጠና በቦዬ ስም መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ማስቀረትን ያስተማረው እሱ ነውና።

ዛሬ በሂውስተንና በለንደን የሚኖሩ ኢግቦዎች በየዓመቱ በኦገስት አካባቢ አዳራሽ ተከራይተው ኢሪ ጂን ያከብራሉ። ቦዬው ብዙ ጊዜ ከጋና በመርከብ የመጣ ነው፤ ጎተራም፣ ማሳም የለም። ነገር ግን ልጆቹ ተሰብስበው እየተመለከቱ፣ በዕድሜ የበለጠው ሰው ተነሥቶ ይመርቃል፣ ይቆርሳል፣ ይቀምሳል። እስከዚያ ድረስ ማንም አይነካም። እዚያ አዳራሽ የተወለደ ልጅ ቦዬ ተክሎ አያውቅም፤ ተራውን መጠበቅን ግን ይማራል። በየዓመቱ በባዕድ ከተማ አዳራሽ እንቁጣጣሽን ለሚያከብር ኢትዮጵያዊም የዚህ ሥርዓት ትርጉም አይጠፋውም። ከአገር ርቆ የሚኖር ሕዝብ ለልጆቹ የሚያስቀረው ዘር ይኸው ነው።