ከአዋጅ ወደ መዝገብ፤ የገጠር ሴቶች የመሬት ባለይዞታነት ታሪክ

አብዛኛው ሕዝብ በግብርና በሚተዳደርበት አገር የሴቶችን የኢኮኖሚ እኩልነት ከመሬት ጥያቄ ነጥሎ መመልከት አይቻልም። የዚህ ጥያቄ ታሪክ በኢትዮጵያ የሚያስረዳው ዐቢይ ቁም ነገርም የመብት በሕግ መደንገግና የባለመብቷ ስም በመዝገብ መስፈር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ በማድረግ የጋራ ሀብትን አስተዳደር ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ግን በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ የፆታ ልዩነት ሳይደረግ፣ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላት ሴትም በቅጥር ሠራተኛ እንድታሳርስ ፈቀደ።

ይሁን እንጂ መሬቱን የሚደለድሉት የገበሬዎች ማኅበራት በአባልነት የሚመዘግቡት በአብዛኛው የቤተሰብ ኃላፊዎችን ነበር። ከዚህም የተነሣ ባለትዳሯ ሴት በባሏ ስም ሥር ተጠቃለለች፤ ትዳሩ ሲፈርስ ድርሻዋን የምታስረዳበት ሰነድ አልነበራትም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በራሷ ስም መሬት ብታገኝም፣ በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ተደርጎ በሚታይበት አካባቢ ማሳዋን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥታ ምርቱን መካፈል ግድ ይሆንባት ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሆኖ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የባልን የበላይነት ሽሮ ተጋቢዎችን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ። ያም ሆኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ በቤተሰቡ ኃላፊ ስም የተዘጋጀ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የተሰጠው ደብተር ግን የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ያዘ። አዋጅ ቁጥር 456/1997ም የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ፎቶግራፉ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጭምር ባለመብቷን ለይቶ ያሳያል። የኪራይ ወይም የእኩል ውል በሚፈረምበት ጊዜ ግን ማንበብ የማትችል ባለይዞታ በሌላ ሰው ዓይን ላይ መተማመኗ አይቀርም። በመሆኑም የገጠር ሴቶች የጎልማሶች ትምህርት ከመሬት ይዞታ መብታቸው ተለይቶ ሊታቀድ አይገባውም፤ ውሉን ራሷ አንብባ የምትፈርም ሴት በደብተሩ ላይ የሰፈረውን መብት በእጇ ልታቆየው ትችላለች።