«አምቦ» በስንት ‹ኦ› ይጻፋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጋችሁ አምቦ ስትገቡ የከተማዋን ስም በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በቁቤ መጨረሻው ላይ ሁለት ‹ኦ› አለው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ብቻ። ብዙ መንገደኛ አንዱን የሰሌዳ ጸሐፊው ስህተት ያደርገዋል። ስህተት ግን የለም። በቁቤ አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል። በእንግሊዝኛ ሁለት ‹ኦ› ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ‹ኡ› ይሆናሉ፤ ‹ፉድ›፣ ‹ስኩል› እንደምንለው። እናም ቁቤ የማያውቅ እንግሊዛዊ ሰሌዳውን ቢያነብ ከተማዋን «አምቡ» ብሏት ያልፋል።

ለእኛ ይህ የመንገድ ላይ ጨዋታ ነው። ለምዕራብ ሸዋ ተማሪ ግን የየቀኑ ሸክም ነው። ልጁ በቁቤ ‹ጫ› ብሎ የተማራትን ፊደል እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ ‹ሲ› በላት ይባላል። ‹ጨፌ› የሚጀምርበት ያው ፊደል እንግሊዝኛ ላይ አንዴ ‹ከ›፣ አንዴ ‹ሰ› ይሆንበታል። ጤፍን በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍበት የመጀመሪያ ፊደል ‹ጠ› ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ያቺው ፊደል ‹ኤክስ› ናት። የአገሩን ስም በቁቤ ሲጽፍ ለ‹ጰ› ‹ፒ›ንና ‹ኤች›ን ያጣምራል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እነዚያኑ ሁለት ፊደላት ‹ፈ› ብለህ አንብብ ይለዋል። በዚህ ላይ የአማርኛው ፊደል ይጨመራል። አንድ ልጅ፣ ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት!

እዚህ እንዴት ደረስን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲከፍቱ እንግሊዝኛ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የተማረ ሰው መለያ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች አብረው ገብተው ነበርና ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አጋደለ። የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ሲከፈት ዘመኑ የእንግሊዝኛ ሆኖ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጡና በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ተማሪዎች እንግሊዝኛን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሰሙ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ ከዚያ በላይ ያለውን ይዞ ቀረ፤ ዛሬም አልለቀቀም።

አፋን ኦሮሞ በበኩሉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ቁቤ በይፋ የጸደቀው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ የምከራከረው በእሱ ላይ አይደለም። ቁቤ እንደተነገረ የሚጻፍ፣ እንደተጻፈ የሚነበብ ሐቀኛ ሥርዓት ነው። ችግሩ ከዚህ ሐቀኛ ሥርዓት የወጣ ልጅ፣ በዚያው ፊደል የሚጻፈው እንግሊዝኛ ለምን እንደማይታመን የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው።

እኔ በተማርኩበት ዘመን ቃለ ጽሕፈት የተሳሳተ ልጅ ቃሉን መቶ ጊዜ ይጽፍ ነበር። «ቢላዋ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የማይነበብ ‹ኬ› ለምን አስፈለገው?» ብሎ ለጠየቀ ልጅ መልሱ «ሸምድድ» ነበር። መልስ ግን ነበረው። ‹ናይፍ› ላይ ያለችው ‹ኬ› ድሮ ትነበብ ነበር። ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ሲደርቅ የሰዉ አነጋገር ግን መለወጡን ቀጠለ። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ። ዕዳ ማለት የሆነው ‹ዴት› መሐሉ ላይ የተቀበረች ‹ቢ› አለችው፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ አልነበረችም፤ የላቲን ዘሩን እናሳይ ያሉ ሊቃውንት በኋላ የሰኩበት ናት። በ‹አይላንድ› ውስጥ ያለችው ‹ኤስ› ደግሞ ጭራሽ በስህተት ከላቲን ቃል ጋር ተዛምዳ የገባች ናት። ሼክስፒር እንኳ የገዛ ስሙን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አልጻፈም፤ የተረፉት ፊርማዎቹ ይመሰክራሉ።

እኛ በዚህ ልንሥቅ አንችልም። አምቦ በንጉሡ ዘመን የተሰጣት ስም ሀገረ ሕይወት ነበር። እስቲ ሁለቱን ‹ሀ›ዎች ተመልከቱ። ‹ሀገር› በሃሌታው ‹ሀ›፣ ‹ሕይወት› በሐመሩ ‹ሐ› ይጻፋሉ። በአማርኛ አንደበት ልዩነት የላቸውም፤ በግዕዝ ግን የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። እሳቱ ‹ሰ›ና ንጉሡ ‹ሠ›ም እንደዚያው። ማለት የእንግሊዝኛዋ ‹ኬ› የእኛ ንጉሡ ‹ሠ› እኅት ናት፤ ሁለቱም የሞተ ድምፅ መቃብር ላይ የቆሙ ሐውልቶች ናቸው። ይህን ያወቀ ተማሪ እንግሊዝኛን እንደ ጭካኔ ሳይሆን እንደ ታሪክ ያየዋል።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። ልጁ ሒሳብ ክፍል ‹ትራፒዚየም› የሚባል ቅርጽ ይማራል፤ ስሙ ይከብደዋል። የተደገፈበት ጠረጴዛና ያ ቅርጽ ግን የአንድ የግሪክ ቃል ልጆች ናቸው። ‹ቢሾፕ› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና የእኛ ኤጲስ ቆጶስ እንዲሁ፤ ‹ፖፕ›ና ጳጳስም እንዲሁ። ‹ካሜል› ደግሞ ከሴማውያን ቋንቋዎች ተነሥቶ በግሪክና በላቲን ዞሮ እንግሊዝ የደረሰ የግመል ዘመድ ነው። ‹አልፋቤት› ብለን ስንጠራም የግዕዙን አልፍና ቤት ዘመዶች መጥራታችን ነው።

አምቦ አጠገብ ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አናገረ፤ በእንግሊዝኛም ተውኔት ጻፈ። ያ አካባቢ በቋንቋ መካከል መመላለስ የሚችል ሰው እንደሚያፈራ ማስረጃ አያስፈልገውም። ዛሬ ግን እየሆነ ያለውን እናውቃለን። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወደቁት ሁሉ በእንግሊዝኛ ምክንያት ወደቁ አልልም። ነገር ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ቃሉን ማንበብ ያልቻለ ልጅ ዕውቀቱን የሚያሳይበት ዕድል እንኳ አያገኝም።

የምለው ከባድ ነገር አይደለም፤ በጀትም አይጠይቅም። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ የቁቤውንና የእንግሊዝኛውን ፊደል ንባብ ጎን ለጎን ያሳይ። ልጁ በቁቤ ሕግ እንግሊዝኛን ሲያነብ ደደብ ሆኖ ሳይሆን የተማረውን በትክክል እየተጠቀመ መሆኑን ይወቅለት። ሁለተኛ፣ አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ ከየት እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረው። ሦስተኛ፣ «ለምን?» ያለውን ልጅ አይቅጣ።

ልጁ ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት መያዙ ጉድለት አይደለም። ብዙ የለንደን ልጅ የማያገኘው ሀብት ነው፤ የጎደለው ቁልፉን የሚያቀብለው ሰው ነው። መምህራን ሆይ፣ ነገ ጠዋት ‹ትራፒዚየም›ን ስታስተምሩ መጀመሪያ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉት።