ከሰው ጋር ማደር፦ ከወላይታ ወደ ዱስ በሚወስደው መንገድ

ማደር የሚለው የአማርኛ ግስ ሌሊትን ማሳለፍ፣ በአንድ ስፍራ መኖርና ለሌላ ሰው መገዛት የሚሉትን ፍቺዎች በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ የአማርኛው የዮሐንስ ወንጌልም ሥጋዌን፣ ማለትም ቃል ሰው ሆኖ በሰዎች መካከል የኖረበትን ምሥጢር፣ የሚገልጸው በዚሁ ግስ ነው። ከዚህ የተነሣ በክርስትና ከሰው ጋር በሙሉ ልብ መገኘት የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእምነቱን ማዕከል መከተል ነው። የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ግን ግሱን አስቀድመው ያወቁት በሦስተኛው ፍቺው ነበር።

በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ አሪ ምድር ከዘለቀ በኋላ፣ ከጂንካ በፊት የአካባቢው የአስተዳደር መቀመጫ የነበረችው ባኮ የወታደር ሰፈር ሆነች፤ የአሪ ገበሬም ገባር፣ ማለትም ለሰፋሪው እህል የሚሰፍርና ጉልበቱን የሚገብር ባላገር፣ ሆኖ ቀረ። ሰፋሪዎቹ በመካከላቸው ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ሕሙምን መጠየቅና በማኅበር ጽዋ መሰብሰብን የመሰለ ጥልቅ የክርስትና ልማድ ይዘው ቢመጡም፣ ገባሩ ይህን ሁሉ የሚያየው ከጌታው ደጅ ቆሞ ስለነበረ፣ አብሮ የመቀመጡ ጸጋ ወደ እርሱ አልደረሰም ማለት ይቻላል።

ሌላው መንገድ የተጀመረው ከወላይታ ነው። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ንጉሡን ጦናን ተነጥቆ ራሱ የገባርነትን ቀንበር የተሸከመ አገር ሲሆን፣ በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን በሶዶ ጣቢያ መሠረተ። ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን በእነርሱ ግምት ወደ 10,000 የሚጠጉ ሆነው አገኟቸው። ለዚህ ዕድገት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁሉ ልብን የሚነካው፣ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች በታሰሩና በተገረፉ ጊዜ አማኞቹ ስንቅ ተሸክመው ወደ ወኅኒ ይመላለሱ የነበረ መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ስብከቱን ከመስማቱ በፊት ይህን ምልልስ አይቷል።

ከእነዚህ ጉባኤዎች የወጡ ወንጌላውያን፣ ከእነርሱም ስሙ የገነነው ማሃይ ጮራሞ፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ደቡብ ኦሞ ተጓዙ። ጋሞኛና ጎፍኛ ከወላይትኛ ጋር የሚቀራረቡ የኦሜቶ ቋንቋዎች ስለሆኑ እስከዚያ ድረስ አፍ ለመፍታት ብዙ አልተቸገሩም፤ አሪኛ፣ ሐመርኛና ካርኛ ግን የደቡብ ኦሞአዊ ቅርንጫፍ ልሳናት በመሆናቸው፣ እንግዳው መናገር ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ መስማት ነበረበት። የቋንቋው ርቀት እንቅፋት መስሎ ቢታይም አስተማሪውን ተማሪ አድርጎ በባለቤቱ እግር ሥር ያስቀመጠ ጸጋ ነበር፤ ከዚህም በላይ እርሱ ራሱ የገባር ልጅ ስለነበረ አሪው በእርሱ ላይ የጌታ መልክ አላየበትም።

ሆኖም አብሮ መገኘት ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ አዲስ ትምህርት ተደርጎ ቢቆጠር ስሕተት ይሆናል። በሐመር ቤል የሚባለው የቃል ኪዳን ወዳጅነት ሁለት ቤቶችን በከብት ስጦታና በመስተንግዶ ያስተሳስራል፤ እንግዳ ሲመጣም ከቡና ገለፈት የሚፈላው ሸፎሮ በቅል እየተቀዳ ይቀርባል፣ የቤቱም አባት ቡናውን በአፉ ይዞ እፍ እያለ ይመርቃል። ወንጌላዊ ወደ እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ተቀባይ ነው፤ ይህን የዘነጋ ሰው በዚያ ቤት የሚኖረው ቆይታ አጭር ነው።

በኦሞ ወንዝ ዳር ዱስን፣ ላቡክንና ኮርቾን በመሰሉ መንደሮች የሚኖረው ካራ (ካሮ) በቁጥር ጥቂት የሆነ ሕዝብ ሲሆን፣ እንደ ሐመር ሁሉ አብዛኛው በአባቶቹ እምነት ጸንቷል። በዚያ ከተደረጉት ለውጦች ትልቁ ሚንጊን ይመለከታል፤ ሚንጊ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ወይም ሥርዓቱ ካልተፈጸመ ጋብቻ የተወለደ ሕፃን በሕዝቡ ላይ መዓት ያመጣል በሚል እምነት እንዲሞት የሚያደርግ ልማድ ነበር። የካራ ተወላጁ ላሌ ላቡኮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ሕፃናቱን በጂንካ የሚያሳድግ ኦሞ ቻይልድ የተባለ ድርጅት መሠረተ፤ ከሽማግሌዎቹም ጋር ደጋግሞ ተቀመጠ፤ በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ። ውሳኔውን የስብከት ፍሬ ማለት አያስደፍርም፤ የካራ አባቶች ሥራ ነው። ክርስቲያን አንባቢ ግን በልማዱ የተፈረደባቸውንና ፈራጆቹን ሁለቱንም ሳይተዉ መቀመጥ ከሥጋዌ ትምህርት ጋር ያለውን ቅርበት ሳያይ አያልፍም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ካስቀረ ወዲህ፣ ካራ ውኃው በሸሸበት ዳር ላይ ማሽላ የሚዘራበት የቆየ እርሻ ተቋርጧል። በዱስ ለመሸበት እንግዳ የሚቀርበው ገንፎ ከዚያ ማሽላ ይሠራ ነበር።